ሰፊዋን ይዣታለሁ

ጥር 10
ከመንገድ ሥራው ካምፕ

ለአራሚዬ፣

እኔ ደህና ነኝ፤ አቧራው ከእኔም ይበልጥ ደህና ነው። አንቺና እናቴስ?

«እሺ» የምትለዋ ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰችኝ። ደብዳቤ የሚያመላልስልን የካምፑ ሹፌር ፖስታውን ሰጥቶኝ አልሄድ ብሎ ፊቴን ሲያጠና፣ ሚስቴ ከእኔ ጋር ሦስት ቀን ልታሳልፍ ተስማማች አልኩት። ለሦስት ቀን ነው እንዲህ ጥርስ በጥርስ የሆንከው ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ምን አለበት፣ በየሳምንቱ ቤቱ ይገባል። እኛ ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር የኖርንበት ግን ቢደመር ሁለት ዓመት አይሞላም። ጫጉላችንን እንኳ አንቺ በማተሚያ ቤት እርማት፣ እኔ በመንገድ ቅየሳ ነው የጨረስነው።

የት ይሁን ላልሽኝ፣ ትልቁ ከተማ ይሁን። በአውቶቡስ ከአንቺ ስድስት ሰዓት፣ ከእኔ ሰባት ሰዓት ነው። መሀል ለመሀል ማለት ነው፤ ቀያሽ ያገባች ሴት ከዚህ የተሻለ ምን ትጠብቃለች? ከመናፈሻው ፊት ለፊት አንድ ባለ ሁለት ፎቅ ሆቴል አለ፤ ጥሩ ነው ይላሉ። ሰኞ መጋቢት 15 እንገባለን፣ ረቡዕ እንወጣለን። ሦስት ቀን ማንም ሳይጠራን፣ አንቺ የሰው ስሕተት ሳትለቅሚ፣ እኔ ችካል ሳልተክል። ምን ማየት እንደምትፈልጊ ጻፊልኝ።

ታኅሣሥ ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሌላ ምንም የለም።

ስለ ልብሴም አትጨነቂ። የሰማያዊው ኮቴ አዝራር ወልቆ ነበር፤ የካምፑ ልብስ ሰፊ ተከለችልኝ። እጅጌውንም በዚያው አስተካከለችው። ጎበዝ ናት።

ቀያሽሽ


ጥር 18
ከቤት

ለቀያሹ፣

ደህንነትህን ከፊደልህ አየሁት፤ ወፍሯል። ካምፑ ተስማምቶሃል መሰለኝ።

እናትህ ደህና ናቸው። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና አቧራው ጋ ስደርስ ሁለቱንም ጊዜ ሳቁ። እኔ ስሄድ እህቴ መጥታ ከእሳቸው ጋር ትሆናለች። እሳቸው ግን እህትሽ ወሬ ታበዛለች፣ ሦስት ቀን ጆሮዬን ታደክመዋለች እያሉ ከወዲሁ ያማርራሉ። እህቴ ደግሞ እሳቸው ናቸው የሚያወሩት ትላለች። እኔ በመሀል ዳኛ ሆኜልሃለሁ።

ከተማውን ወድጄዋለሁ። ማየት የምፈልገውን ጠይቀኸኝ የለ? በአሳንሰር ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ወጥቼ ታች ያለውን ሰው ማየት እፈልጋለሁ። መናፈሻው ውስጥ ያለ ሥራ መቀመጥ እፈልጋለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ትልቁ ሲኒማ ቤት፣ መሀል ወንበር ላይ፣ ከአንተ ጎን።

ግን ሰኞ ለምን? ሰው ሁሉ ዓርብ ሄዶ እሑድ ይመለሳል። ሰሞኑን የአውቶቡሶችን የጉዞ ሰሌዳ እያረምኩ ስለሆነ የዓርቡን መነሻ ሰዓት በቃሌ ልነግርህ እችላለሁ። ሦስት የሥራ ቀን ለማስፈቀድ ደግሞ የአለቃዬን ፊት ማየት ሊኖርብኝ ነው። ዓርብ ይሁን።

አዝራሩም አልገባኝም። አንተ አዝራርህን ለሰው ሰጥተህ አታውቅም። እኔ በዚህ ሁሉ መነጽር የመርፌው ቀዳዳ ሲጠፋብኝ ክሩን የምታስገባልኝ አንተ አልነበርክ? ከመቼ ወዲህ ነው አዝራር የሚተከልልህ?

አንድ ነገር ልናገር፤ ፊት ለፊት ስንገናኝ አፌ ይተሳሰራል። ይህን ጉዞ ለሽርሽር ብቻ አልመጣም። አሥራ አንድ ዓመት በፖስታ ተጋብተን ኖረናል። ደክሞኛል። ከእነዚያ ሦስት ቀናት በኋላ ወይ አንድ ቤት እንገባለን፣ ወይ ቁርጣችንን እናውቃለን። የምትደብቀኝ ነገር ካለ ግን አሁኑኑ ንገረኝ፣ እዚያ ድረስ አታመላልሰኝ። እህቴ ይህን አትጻፊ ብላኝ ነበር።

አራሚህ


ጥር 26
ከካምፑ

አራሚዬ፣

ያልሽውን ሰምቻለሁ። ቁርጥ የሚለው ቃል ሳምንቱን ሙሉ በጆሮዬ ሲያቃጭል ሰነበተ። እኔም ደክሞኛል፤ ይህንን ብቻ እወቂልኝ።

ዓርብ ግን አይሆንም። ሆቴሉ ዓርብም ቅዳሜም ሞልቷል አሉ። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ አንድ ትንሽ ጉዳይ አለችኝ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ አትወስድም። አንቺ ተነሥተሽ ፀጉርሽን ሠርተሽ እስክትጨርሺ ደርሼ እመለሳለሁ። የምን ጉዳይ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ የሥራ ነገር ናት።

ፎቁም መናፈሻውም ይሁንልሽ። ሲኒማው ግን ይቅርብን። ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ግድግዳ ማየት ምን ያደርጋል? እዚያው አጠገብ ሙዚቃ የሚጫወቱበት አዳራሽ አለ፣ ዓይንን ጨፍኖ መስማት ነው። እሱን ትወጂዋለሽ።

በአዝራር ነገር ይህን ያህል መመራመርሽ ገረመኝ። እጄ ሻክሯል፣ ክር አልይዝ ብሎኛል። ሰፊዋ ደግሞ ቅርቤ ናት፣ ስጠራት ትመጣለች።

ለጠየቅሽኝ ደግሞ ሳልደብቅ መልሱ ይኸው፦ ሰፊዋን ይዣታለሁ። ሌላዋ ለእኔ አትሆነኝም። ይህችን ነገር ከእንግዲህ አንለዋውጣት፣ አደራሽን።

ቀያሽሽ


የካቲት 4

ለተከበሩ ቀያሽ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እናትዎ ደህና ናቸው።

ሰፊዋን እንደያዟት ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ቢያንስ አልደበቁም። ሌላዋ ለእርስዎ እንደማትሆን በአሥራ አንድ ዓመቱ መረዳትዎም መልካም ነው፤ በሃያ ዓመቱ ቢሆን ኖሮ ይብስ ነበር። አዝራሩን ዝም ብዬ እንዳላነሣሁት አሁን ገብቶዎታል። ጎበዝ ናት ብለውኝም ነበር፤ እኔ ነኝ የእጅጌ ወሬ መስሎኝ ያለፍኩት።

ከማክሰኞዋ ትንሽ ጉዳይዎ ፀጉሬን ሠርቼ ሳልጨርስ ለመመለስ መጣደፍ አያስፈልግዎትም፤ ቀኑን ሙሉ ይውሰዱ። የፈቃድ ማመልከቻዬን ከአለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አንሥቼዋለሁ።

ፊደልዎን ለምን እንዲህ እንደሚያንጋድዱት ግን ይንገሩኝ። ሲቸኩሉ ነው ወይስ ሲዋሹ?

ባለቤትዎ (እስካሁን)


የካቲት 12

አራሚዬ፣

እርስዎ? እኔን? ደብዳቤሽ ተነቦ እስኪያልቅ የቆምኩበት ደርቄ ቀረሁ። አሥራ አንድ ዓመት ተጣልተን እናውቃለን፤ አንቱ ተባብለን ግን አናውቅም። ይቅርታ አድርጊልኝ። ለምኑ እንደሆነ አላወቅኩትም፣ ብቻ ይቅርታ።

በሰፊዋ ምክንያት እንዲህ ይከፋሻል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። አንቺው አይደለሽ የጠየቅሽኝ? ካልወደድሻት እተዋታለሁ። ነገር ግን ሳታዪአት አትፍረጂባት። ንጹሕ ናት። ጸጥ ያለች ናት። ፊቷ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው። በሯ ለደረጃው ቅርብ ስለሆነ አልቸገርም፣ ስገባም ስወጣም ከምንም ነገር ጋር አልጋጭባትም። ሌላዋ ውስጥ ግን ከአልጋና ከቁም ሣጥን ጋር ስላተም ነው የምውለው። ለዚህ ነው አትሆነኝም ያልኩሽ።

ስለ ፊደሌ፦ መኪና ላይ ሆኜ ስለምጽፍ ነው። መንገዱን ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ገና እኛ ነን የምንሠራው።

ማመልከቻሽን መልሺው። እባክሽን።

ቀያሽሽ


የካቲት 20
ከማተሚያ ቤቱ

ለአንተ፣

አንቱው ተነሥቶልሃል፤ ለጊዜው ነው።

ደብዳቤህን እዚሁ ቢሮ ነው የከፈትኩት። «ፊቷ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ደሜ ፈላ። ደግሞ ጠዋት ጠዋት ፊቷን ሊያሳየኝ ነው ብዬ። «በሯ» ላይ ስደርስ ነው የባነንኩት። ክፍሏ ናት! የጥር 18ቱን ደብዳቤ አሽጌ ከሰጠሁት በኋላ፣ ሹፌሩ መኪናውን አስነሥቶ ሳለ፣ ሰፊዋን ክፍል ነው ወይስ ጠባቧን የምትይዘው ብዬ በብጣሽ ወረቀት የጠየቅኩህ እኔው ነኝ። ላክሁና ረሳሁት። አንተ ጠብቆ እንዲነበብ የጻፍከውን እኔ አላልቼ አነበብኩት። አሥራ አራት ዓመት የሰው ቃል ሳርም የኖርኩ ሴት የገዛ ባሌን አንዲት ቃል ማጥበቅ አቃተኝ። ብቻዬን ስንከተከት አለቃዬ ከክፍሉ ወጥቶ አየኝ፤ የአውቶቡስ ሰሌዳ ይህን ያህል እንደሚያስቅ አላወቀም ነበር። ጥፋቱ ያንተም ነው። የቅየሳ መሣሪያውን እሷ፣ መኪናውን እሷ፣ አሁን ደግሞ ክፍሉን እሷ። ሰው ምን ብሎ ይለያችሁ?

ሳቄን ስጨርስ ግን ደግሜ አነበብኩህ። ሥራዬ ነው፤ ሁለተኛው ንባብ ላይ ነው ስሕተት የሚገኘው። ሆቴሉን «ጥሩ ነው ይላሉ» ነበር ያልከኝ። ታዲያ የበሯን ለደረጃ ቅርብ መሆን ማን ነገረህ? ሌላዋ ክፍል ውስጥ ከቁም ሣጥን ጋር መቼ ተላተምክ?

በቢሮው ስልክ ወደ ሆቴሉ ደወልኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ጨዋ ልጅ ናት። ዓርብም ቅዳሜም ክፍል አለን አለችኝ። ስምህን ስነግራት ደግሞ ድምፅዋ ፈካ አለ። «ታኅሣሥ ላይ አብረዋቸው የመጡት እርስዎ ነዎት? ክንዳቸውን ይዘው ደረጃውን የቆጠሩላቸው?»

አዎ፣ እኔ ነኝ አልኳትና ስልኩን ዘጋሁት። ሌላ ምን ልበላት?

ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ድምፅህን ያጠፋኸው ሥራ በዝቶብህ አይደለም። በክንድህ ሴት ይዘህ እኛ ልንሄድበት ያለውን ሆቴል ስትመርጥ ነበር። ደረጃ እየቆጠራችሁ። እኔን ይዘህ ምንም ነገር ቆጥረህ አታውቅም።

እናትህም የሚያውቁት ነገር አለ። የመጨረሻውን ደብዳቤህን ከእጄ ተቀብለው፣ ሳያስነብቡኝ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ለኩ። ከዚያ ምሳቸውን አልበሉም። ምን ሆኑ ብላቸው፣ ልጄን አትጫኚው አሉኝ። ምራታቸው ነኝ፣ ለልጃቸው ቢያደሉ አልፈርድባቸውም። ግን አብረን አንድ ቤት እየኖርን አብረው ሲደብቁኝ ያማል። እህቴ አልነገርኩሽም ትለኛለች፤ ምን እንደነገረችኝ እንኳ አላስታውስም።

የጠበቀችዋን ሰፊ ይቅር ብያለሁ። አሁን ስለ ላላችዋ ንገረኝ። በሚቀጥለው መኪና እውነቱ ካልመጣ እኔም አልመጣም።


የካቲት 28

አራሚዬ፣

አዎ፣ ታኅሣሥ ላይ ሄጃለሁ። አዎ፣ ሰፊዋ አብራኝ ነበረች። ክር ልትገዛ ስትሄድ እግረ መንገዷን ረዳችኝ። ክንዴንም ይዛኛለች።

ሰባ ሊሞላት ነው። ትልቁ ልጇ ከእኔ ይበልጣል። አንቱ ያላትን ሰው ልብስ አትሰፋም፤ ከአለቃችን እስከ ዘበኛው አንቺ እንላታለን። ለዚህ ነው «እሳቸው» የሚለው ከአፌ ያልወጣልሽ።

ለምን እንደሄድኩ ግን በወረቀት አልጽፈውም። ፖስታችን በቢሮ በኩል ነው የሚያልፈው፣ ሁልጊዜ እንደታሸገ አይደርስም። ቢሰማብኝ በማግሥቱ መሣሪያዬን ያስረክቡኛል።

ዓርብ ሞልቷል ያልኩሽ ውሸት ነው። ሥራ በዝቶብኝ ያልኩሽም ውሸት ነው። ማክሰኞ ጠዋት አብረሽኝ ነይ፣ የሚሉኝን አብረሽ ትሰሚያለሽ። ከመስማትሽ በፊት ሦስት ቀን እንደ ሰው ደስ እንዲለን ፈልጌ ነበር። ይኸው ነው።

ሰኞ ከሰዓት መናኸሪያው በር ላይ ነኝ። ስትደርሺ አንቺ ጥሪኝ። ሰው ይበዛል፣ ላላይሽ እችላለሁ።

ባትመጪም አልፈርድብሽም።


መጋቢት 8
ከቤት

ለቀያሼ፣

ፊደሌን ያገዘፍኩት ወረቀት ተርፎኝ አይደለም። በጥቁር ቀለም፣ በትልቁ ብዕር፣ መስመር እየዘለልኩ ነው የምጽፍልህ። ቀስ ብለህ አንብበው።

መጀመሪያ የጻፍኩት ሌላ ደብዳቤ ነበር። አልመጣም የሚል። አጭር ነው፣ አንዲት ስሕተት የለበትም። ፖስታውን ከማሸጌ በፊት ግን አራቱን ደብዳቤዎችህን እንደ እርማት ወረቀት በተራ ደረደርኳቸው። ለክርክር ማስረጃ ልሰበስብብህ ነበር። እጄ ልማዱ ነውና መስመር መቁጠር ጀመረ። የጥር 10ሩ በአንድ ገጽ ሃያ አራት መስመር ነው። የመጨረሻው ዘጠኝ። ካቻምና የጻፍክልኝን ከሣጥን አውጥቼ ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ሁለት።

ከዚያ አዝራሩ መጣ። ክር አልይዝ ያለው እጅህ አልነበረም። ሲኒማው መጣ። ደረጃው መጣ። ከምንም ጋር የማትጋጭባት ክፍልህ መጣች። «አንቺ ጥሪኝ» ያልከው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሣሁ። «ደብዳቤሽ ተነቦ እስኪያልቅ» ብለኸኝም ነበር፤ ሳነበው አላልክም። እሷን ቃል አይቼ አልፌያት ነበር፣ አራሚ ተብዬ።

እናትህ ጋ ሄድኩና፣ አባትህ በሰው ክንድ ከመመራታቸው በፊት አዝራራቸውን ለእሳቸው መስጠት የጀመሩት በስንት ዓመታቸው እንደነበር ጠየቅኳቸው።

«በልጄ ዕድሜ» አሉና እጄን ያዙኝ።

ሊነግሩኝ ፈልገው ነበር፤ ስናገረው እውነት ይሆንብኛል ብለው ፈሩ። እኔም በአማቴ ላይ የጠረጠርኩትን ሁሉ ሳስብ አፈርኩ። ምሳቸውን አብረን በላን።

ስሙን አልጽፈውም። ይህን ፖስታ የሚከፍት ሰው ካለ፣ ስለ አዝራር የሚጻጻፉ ባልና ሚስት መሆናችንን ብቻ ይወቅ።

ተናድጄብሃለሁ፤ ይህንን ሳልነግርህ አላልፍም። እኔ በክንድህ ላይ ሴት ስፈልግ ሳምንታት አባከንኩ፣ አንተ ደግሞ ሦስት ወር ብቻህን ፈራህ። ሴት ብትሆን ይቀለኝ ነበር። አንቱ እያልኩ እሰድብህ ነበር፣ ይወጣልኝ ነበር። ይህንን ማንን ልስደብበት?

ይህን የምታነብልህ እሷ ከሆነች፦ እማማ፣ ያንን «ሰፊዋን እንደያዟት» የሚለውን ደብዳቤ ጮክ ብለው ያነበቡለት እርስዎ ከሆኑ ምድር ተከፍታ ትዋጠኝ። ክንዱን ስለያዙልኝ አመሰግናለሁ። አንቱ ማለቴን ይቅር ይበሉኝ፤ እኔ የማሰፋው ልብስ የለኝም።

ፈቃዴን መልሼ ጠይቄያለሁ። አለቃዬ የዘንድሮ ጠባይሽ ምንድን ነው ቢለኝም ፈርሞልኛል። ሰኞ ከሰዓት መናኸሪያው በር ላይ እጠራሃለሁ፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር ጮክ ብዬ። ማክሰኞ ጠዋት ፀጉሬን አልሠራም፤ አብሬህ እገባለሁ። የሚሉት ምንም ይሁን ምን ረቡዕ ዕለት ሁለት አውቶቡስ አንሳፈርም። ቤት ይዤህ እመለሳለሁ። ቁርጣችን ይኸው ነው፤ አውቀነዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳላማክርህ አድርጌያለሁ። ሆቴሉ ደውዬ ሰፊዋን ለቅቄያታለሁ። ጠባቧን ይዣታለሁ። ጠባቧን ደግሞ ቢያጠብቋትም ቢያላሏትም ያው ጠባብ ናት፣ ሁለተኛ አንሳሳትም። እንግዳ ተቀባይዋ፣ ክፍሏ አልጋና ቁም ሣጥን ብቻ ነው የምትችለው፣ ሁለት ሰው አይተላለፍባትም ብላ አስጠንቅቃኛለች። አንተም እንደምትላተምባት ነግረኸኛል። ቁም ሣጥኑ ፊት እኔ እቆማለሁ። በሰፊዋ ክፍል ስትፈልገኝ ነው የምትውለው፤ በጠባቧ ግን የትም ብትሆን እጅህን ስትዘረጋ ታገኘኛለህ።

አራሚህ